ሸማኔው በመስኮት ያያል

መንዝ ውስጥ ነው። ቀበሌውን አልጠራም። አንድ ድርጅት ለወጣቶች የሦስት ቀን የሥዕል ሥልጠና አዘጋጅቶ፣ እኔም «ና አብረን እንሂድ» ተብዬ ተከተልኩ። ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ባነሩ ተሰቅሏል፣ ቲሸርቱ ታድሏል፣ ከለርና ነጭ ወረቀት ዴስኩ ላይ ተደርድሯል። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ጎበዝ ሰዓሊ ናት። ልጆቹን ሰላም ብላ፣ አሳስቃ፣ «በሉ፣ ሕልማችሁን ሳሉ» አለቻቸው።

ሳሉ። አይሱዙ የሳለ አለ። ፎቅ የሳለው ብዙ ነው። ባንዲራ፣ ኳስ፣ አንድ ሁለት አውሮፕላን። ሁሉም በግ ሲያግድ ያደገ ልጅ ነው፤ በግ የሳለ ግን አላየሁም።

አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ምንም ሳትስል ዋለች። በማግስቱ አንድ ነገር በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ስትገልጠው ሙዳይ ነው። እናቷ የሰፋችው። ቀይና ጥቁር አለላ እየተፈራረቀ ከታች ሰፋ ብሎ ይጀምርና ወደ ክዳኑ ሲጠጋ እየጠበበ ይሄዳል። ስፌቱ አንድ ቦታ እንኳ አልተዛነፈም። «ይኼስ ሥዕል ነው?» ብላ ጠየቀች። አሠልጣኟ በደግነት መለሰችላት፦ «በጣም ያምራል የኔ ቆንጆ። ግን እሱ እደ ጥበብ ነው። እኛ ዛሬ የምንማረው ሥነ ጥበብ ነው።» ልጅቷ ሙዳዩን መልሳ ሸፈነችው።

በመስኮቱ ማዶ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቆመው ያያሉ። የመንደሩ ባና ሠሪ ናቸው፤ ባና ከበግ ጸጉር የሚሸመን ብርድ ልብስ ነው። ሦስቱንም ቀን መጡ። ማንም «ይግቡ» አላላቸውም።

ይህን የማነሳው ያቺን አሠልጣኝ ለመውቀስ አይደለም። እሷ የተማረችውን ነው የተናገረችው። ነገሩ ግን ከእሷም ከድርጅቱም ይሰፋል። ሰሞኑን ለገጠር ወጣት የኪነ ጥበብ ሥልጠና ማዘጋጀት እየተለመደ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጉዳዩ «ደጋው ላይ ጥበብ የለም፤ እናምጣላቸው» ተብሎ መነሳቱ ነው። ደጋው ላይ ጥበብ ሞልቷል። የጠፋው ለባለሙያው የሚሰጥ ክብር ነው። ያንን ያልነካ ሥልጠና ከለር አድሎ ይመለሳል።

ቃሉን ራሱን እንየው። «ጥበብ» ስንል ዕውቀት ማለታችን ነው። ኪነ ጥበብም ማለታችን ነው። የቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውንም ጌጥ «ጥበብ» እንለዋለን። አንድ ቃል ሦስቱን ይዟል። ሌላ ቋንቋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢገኝ በኩራት ይነገር ነበር። እኛ ግን «ጠቢብ» ከሚለው ቃል «ጠይብ» የሚል ስድብ አወጣን። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራልንን ሰው፣ እንጀራችን የሚጋገርበትን ምጣድ የምትሠራዋን ሴት «ጠይብ» አልን፤ ከዚያም «ቡዳ» አልን። አብረን አልበላንም፣ አልተጋባንም። ሸማ ሠሪውን «ቁጢት በጣሽ» ብለን ሰደብነው፤ የሠራውን ጋቢ ለብሰን።

ምኒልክ ይህ ነገር አሳስቧቸው በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ የሚል ነው። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ ጽሕፈት የሚያውቀውን «ጠንቋይ» ማለት ይቅር፤ በዚህ አያያዝ ከሄድን አገሩ ባለሙያ አልባ ይሆናል ዓይነት ነው መንፈሱ። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ግን ደጋው ላይ አሁንም በሹክሹክታ አለ። የሸማኔ ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሲጣላ መጀመሪያ የሚወረወርበት ምን እንደሆነ ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ በዚህ መሀል «ሕልማችሁን ሳሉ» ሲባል ልጁ አይሱዙ ቢስል ምን ይገርማል? አባቱ የሚሠራበትን መሸመኛ ቢስል የሚሳቅበት ይመስለዋል። ሳይሳቅበትም አይቀርም።

መንዝን የማያውቅ አንባቢ ይኖራልና ስለ ባና ትንሽ ልበል። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። ጥጥ አይበቅልበትም። ያለው በግ ነው፤ የመንዝ በግ። ሴቶቹ ጸጉሩን በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ባና የሚሠራው በጠባብ መሸመኛ ስለሆነ ጠባብ ጠባብ ሆኖ ይወጣና ጎን ለጎን ይሰፋል። በርኖሱም ከዚያው ጸጉር ነው። ጥቁሩ፣ ቡናማው፣ ነጩ የበጉ የራሱ ቀለም ነው፤ ጥሩ ባለሙያ ሳያቀልም ሦስቱን አሰባጥሮ መስመር ያወጣል። ይህን የማሰባጠር ነገር አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ላይ ሴሚስተር ሙሉ ያስተምረዋል። ሽማግሌው ከአባታቸው ተምረውታል።

ከዚያ ወጣ ሲባል ደግሞ የጓሳ ሣር አለ። የመንዝ ሰው ጓሳን በጋራ ሲጠብቅ የኖረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው ይባላል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ከዚያ በስምምነት ተከፍቶ ይታጨዳል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ገሳ ለብሶ ጉም ውስጥ የሚሄድ እረኛ ሲታይ ራሱ ቅርጻ ቅርጽ ነው። እኛ ግን ለሥልጠና የምንወስደው ካርቶን ሙሉ ከለር ነው። ከለሩ ያልቅና ሥዕሉም ያልቃል። የሚገዛበት ሱቅ ሰፈር ውስጥ የለ፣ ቢኖርም ገንዘቡ የለ።

ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ስለ ስድቡ ሌላ ነገር ትነግረናለች። ሸክላውንና ብረቱን ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ጎረቤት ምጣዱን ይገዛል፣ በዓይነ ቁራኛ ያያል። ከዚያ በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. ግንቦት በነበሩት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በሁለተኛው ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስዷል። ዛሬ ወለቃ መንገድ ዳር ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይዘው ከሚያገኟቸው ሻጮች አብዛኞቹ የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። ድሮ የሚሸሹትን ሥራ ቱሪስት ሲገዛው ያዙት። ስድቡን አዋጅ ሳይሆን ገበያ ነው ያላላው። ለካ ሲከፈልበት ቡዳነቱ ይቀራል።

ታዲያ መፍትሔው ገበያ ነው? ብዙ ድርጅቶች እዚያ ላይ ይደርሳሉ። ልጆቹን መስቀል መቅረጽ፣ የጸጉር ቆብ መሥራት እናስተምር፣ ለቱሪስት ይሽጡ። እኔ እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ላሊበላን ማየት ነው። ወጣቱ ትንንሽ መስቀልና የአብያተ ክርስቲያናቱን ቅርጽ እየሠራ ይሸጥ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ወዲያው ጦርነቱ ቀጠለ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ ራሷ በጦርነቱ ተያዘች። ፈረንጁ ቀረ። ለፈረንጅ ብቻ የተሠራ ነገር ደግሞ የአገሬው ሰው አይገዛውም፤ ምን ያደርግለታል? በአንጻሩ መሶብ ሰፊዋ ሥራ አልፈታችም። ሠርግ ቀርቶ አያውቅም። ለክርስትና፣ ለተዝካር፣ ለጽዋ ማኅበር የሚፈለግ ዕቃ በጦርነትም በሰላምም ይፈለጋል። ስለዚህ ሥልጠናው «ምን ይሸጣል?» ከማለቱ በፊት «እዚህ መንደር ማን ምን ይፈልጋል?» ቢል ይሻላል።

የጋሞ ደጋ ደግሞ ጉዳዩን ከሌላ ወገን ያሳያል። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ዶርዜና ጨንቻ ሲወጣ ሽመና የሚሰደቡበት ሥራ አይደለም። እዚያ የሚገፋው ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ነው። ሸማኔው ባለ ሞያ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባ ወርዶ ሽሮ ሜዳን ሽሮ ሜዳ ያደረገውም እሱ ነው። ግን ገበያው ሁሉ እንጦጦ ሥር ስለሆነ ልጁም ወደዚያው ይሳባል። «አስተምርላችኋለሁ» ብሎ ከወላጆቹ የሚቀበለው ዘመድ ወይም ደላላ አለ። ልጁ ትምህርት ቤት ሳይሆን መሸመኛ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከንጋት እስከ ሌሊት። ይህ ለብዙ ዓመታት የታወቀ፣ ብዙ የተባለለት ችግር ነው። ክብር ያለው ሙያ እንኳ ገበያው ርቆ ከሄደ ልጅ ያስወስዳል። ስለዚህ «ባህላዊ ሙያ እናስተምር» ሲባል ደስ ብሎን ብቻ ማለፍ አንችልም። አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ መሸመኛ ላይ ለስንት ሰዓት ይቀመጣል? የሚሸጠውስ ለማን ነው? ገንዘቡን ማን ይይዘዋል? እነዚህ ካልተጠየቁ ሥልጠናው ለደላላ ምልመላ ይሆናል።

አሁን ወደ አበል እንምጣ። «ወርክሾፕ» የሚለው ቃል እኛ አገር በቅድሚያ ሥራ አያስታውስም፤ ሻይ ቡናና አበል ነው። እኔም በልቼዋለሁ፣ አልዋሽም። በአንድ ተራ የሥልጠና በጀት ላይ ለአሠልጣኝ አበል አለ፣ ለነዳጅ አለ፣ ለባነር አለ፣ ለሰርተፍኬት ማሳተሚያ አለ። ለአካባቢው ባለሙያ የሚል መስመር ብዙ ጊዜ የለም። ቢኖር «ማበረታቻ» ተብሎ ነው። ሽማግሌው ግማሽ ቀን ቆመው ሲያሳዩ ለስላሳ ይሰጣቸዋል፣ ይጨበጨብላቸዋል። አሠልጣኙ ግን በቀን ይከፈለዋል። ልጆች ደግሞ ሞኝ አይደሉም። ማን እንደሚከፈለው፣ ማን ወንበር እንደሚሰጠው፣ ማንን «መምህር» ብለው እንደሚጠሩት ያያሉ። ሸማኔው ከሰዓሊዋ እኩል ተከፍሎት፣ «መምህር» ተብሎ፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥ ያ ብቻውን ትምህርት ነው። ከሦስት ቀን ሥዕል የበለጠ ሥራ ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ሲታሰብ ክረምት ጥሩ ይመስላል፤ ትምህርት ተዘግቷል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች አገራቸው ገብተዋል። ደጋ ላይ ግን ክረምት ጭቃ፣ ጉምና አረም ነው። መኪና አይገባም። ልጅ ለሥራ ይፈለጋል። መንዝ ደግሞ በልግ የሚያርስ አገር ስለሆነ የካቲትና መጋቢትም ነጻ አይደሉም። ታዲያ መቼ ነው? ገበሬው ራሱ መልስ አለው። በዓላቱ ናቸው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሞፈር አይነሳም። በሬ ያርፋል፣ ልጅም ያርፋል። አንድ ችግር አለ፤ በእነዚህ ቀናት መፍተልና መሸመንም አይቻልም። መሳል ግን ይቻላል። ተረት መናገር፣ ዋሽንት መንፋት፣ ዘፈን መሰብሰብም ይቻላል። ስለዚህ በዓል በዓሉን ወረቀት፣ የሥራ ቀን ማታ ማታ እንዝርት። ስንደዶና አክርማ ደግሞ ሴቶቹ የሚለቅሙት ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም ላይ ነው። ኅዳር ላይ ሄዶ «ስፌት አስተምሩን» ያለ ሰው ሣሩን አያገኘውም። የድርጅት በጀት የሚለቀቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሣሩ ወቅት አይደለም።

ስለ ሥዕልም ዝም ብዬ አላልፍም፤ የእደ ጥበብ ጠበቃ ብቻ እንዳልመስል። ደጋው የራሱ የሥዕል ትምህርት ቤት አለው፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ። ልጆቹ ቅዳሴ ቆመው ሰዓታት ሲያዩት ያደጉት ነው። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሳላል። ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይሁዳን መፈለግ ከባድ አይደለም። ልጆቹ ሕጉን ያውቁታል፤ ሕግ መሆኑን የነገራቸው ግን የለም። አንድ መሪጌታ ወይም የአጥቢያ ሰዓሊ ጠርቶ ይህን ማስረዳት፣ ከዚያ «እስቲ የእናንተን መንደር ሳሉ፣ ማን ሁለት ዓይን ማን አንድ ዓይን እንደሚኖረው እናንተ ወስኑ» ማለት ይቻላል። ከ«ሕልማችሁን ሳሉ» ይልቅ ልጁ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

ግን ልብ በሉ፤ ይህን ዛሬ አማራ ክልል ውስጥ ማድረግ ቀልድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጅ ቤት ውሎ ነው ያለው። ወጣት አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ከሁለቱም ወገን የሚጠራጠር አለ። ልጅ ደግሞ ያየውን ይስላል። ጠመንጃ ይስላል፤ ማን እንደያዘውም ይስላል። አንድ ዓይን ለማን እንደሰጠ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያንን ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ አስተባባሪ ለልጁ ቤተሰብ ምን እንደሚተርፍ አላሰበም። ሥዕል ያረጋጋል፣ ያስተነፍሳል፤ የተረበሸ ልጅ አፉ የማይለውን እጁ ይላል። እውነት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የልጁ ነው። ከፈለገ ይቅደደው።

«መንግሥትስ?» የሚል ይኖራል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ «ክወናና እይታ ጥበባት» የሚል የትምህርት ዓይነት፣ ሙዚቃውን፣ ቴአትሩንና ሥዕሉን የያዘ፣ ለአንደኛ ደረጃ ገብቷል። ስሙ ትንሽ አፍ ያስራል እንጂ ሐሳቡ መልካም ነው። ደጋ ላይ ግን ይህን የሚያስተምረው ብዙ ጊዜ ክፍለ ጊዜ የጎደለው መምህር ነው፤ ሒሳብም ይሁን ስፖርት። ባና ሠሪው ወይም ሙዳይ ሰፊዋ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው ቢያስተምሩስ? ዲግሪ የላቸውም ይባላል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንግዳ መምህር መጋበዝ ግን አንድ ርእሰ መምህር ከወላጅ ኮሚቴ ጋር ቁጭ ብሎ የሚወስነው ነገር ነው።

እስከ ዛሬ ያለው መንገድ መውጣት ነው። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለደው አንኮበር ነው፤ ያው ደጋ። ገና በልጅነቱ እንግሊዝ የተላከው ማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር፤ እዚያ ነው ሰዓሊ የሆነው። አለ ፈለገ ሰላምም የሰላሌ ልጅ ናቸው፤ ውጭ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ሁለቱም አገር አኩርተዋል። ግን የደጋ ልጅ ሰዓሊ የሚሆነው ከደጋው ከወጣ ነው የሚለውን ነገርም ሳናውቀው አጽንተነዋል። ዛሬም ጎበዙ ልጅ ይመረጥና «አዲስ አበባ እንውሰድህ» ይባላል።

ደግሞ ሁሉም ልጅ ባና ይሥራ አላልኩም። የአባቱን ሥራ የማይወድ ልጅ መብቱ ነው። መንዝ ያገኘሁት አንድ ጎረምሳ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያቀናበረ ቲክቶክ ላይ ይለቃል፤ መብራትና ኔትወርክ በመጣ ጊዜ። የሚገርም እጅ አለው። የሚለቀው ግን የሌላ ሰው ዘፈን ላይ የሌላ አገር ምስል ነው። እናቱ በር ላይ ቁጭ ብላ ጸጉር እየፈተለች ነበር። «እሷን ለምን አታነሳትም?» አልኩት። ሳቀ። «ማን ያያታል?» አለኝ። የቻይና ብርድ ልብስና ቦንዳ ባናውን ከገበያ እየገፋው ነው፤ በማሽን የታተመ ጥለትም ሽሮ ሜዳን እያስጨነቀ ነው። እነዚህን ማስቆም ከወረዳ ሥልጠና አቅም በላይ ነው። ያ ልጅ እናቱን እንዲያነሳት ማድረግ ግን በአንድ ከሰዓት የሚሆን ነው። «ማን ያያታል?» ላለው ደግሞ፣ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያለው የመንዝ ሰው ቁጭ ብሎ ያያታል።

በሦስተኛው ቀን ሰርተፍኬት ታድሎ ፎቶ ሲነሳ ወደ ሽማግሌው ወጣሁ። «አባባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቆሙ እኮ፤ ለምን አልገቡም?» አልኳቸው።

«ልጄ ውስጥ አለ» አሉኝ። «እኔ መወርወሪያ ሳስይዘው እጁ እምቢ ይላል። እናንተ ጋ እንዴት እንደታዘዘ ልይ ብዬ ነው።»

«ታዲያ የሳለውን አዩት?»

«የትኛው እንደሆነ ማን ያሳየኝ?»

ልጁን ጠርቼ ሥዕሉን ላስፈልግላቸው ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ዴስኩ ላይ ምንም የለም። ሥዕሎቹ ለሪፖርት ይፈለጋሉ ተብሎ በካርቶን ታሽገው መኪና ላይ ተጭነዋል።